ማረፊያ

ከፒያሳ ጣራ፣ ከአምስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዲሾች አፍ ከፍተው ከሚያዩበት ሰማይ፣
በሜርካቶ መነጽር፣ ግራ ዓይኑ በጭጋግ፣
ተራራ እመርጣለሁ፣ ሰው የሚበርበት ጥግ።

ካርታው ጉልበቴ ላይ ነው፣ አንድ ለሃምሳ ሺህ፣
አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ጠጠር።
የከፍታው መስመር ሲጠማዘዝ፣ ሲጠብ፣ ሲሰፋ
የጣት አሻራ ይመስላል፤
አንድ ትልቅ እጅ ተጭኖት ያለፈ፣
«እኔ ነበርኩ» ብሎ፣ ስሙን ግን ያልጻፈ።

ወጨጫ በምዕራብ፣ የረር በምሥራቅ፣
ፉሪ ከደቡቡ፣ ከአቧራው የሚርቅ፣
እንጦጦ ከኋላዬ፣ ባሕር ዛፍ ደርቦ፣
ሁሉም ከተማዋን እንደ ሳፋ ከቦ።

ማስተዋል እዚያ ናት፣ ወጨጫ ትከሻ፣
ሳር ነጭታ ትበትናለች፣ ለነፋስ መፈተሻ።
ትደውልልኛለች። ድምፅዋን ነፋሱ ይበላና
ግማሹን ይተፋዋል፦
«ዳገቱ... ደቡብ ምሥራቅ... ፊቱ... ትሰማኛለህ?»
ንፋስ ስልክ ተወልጄ፣ ነፋስ በስልክ ሲያወራኝ
የሰፈሬ ስም ትርጉም ገና ዛሬ ገባኝ።

«ሽቦ አለ?»
«አለ። ከፍተኛ ኃይል። ሦስት ምሰሶ።»
በእርሳስ እሰርዛለሁ።
ተራራ ከዝርዝር ሲወጣ ድምፅ የለውም።
«ወደ ግራ ልሂድ፣» ትላለች፣ «እዚያ ገደሉ ራሰ በራ ነው።»

በቄራ በኩል ጭልፊቶች ይዞራሉ፣
አንዳቸውም ክንፍ ሳይመቱ።
ሥጋ ነው የሚያዩት ይላል ሰው።
እኔ ግን የማየው ከጋለ ቆርቆሮ የሚነሣውን ሙቀት ነው፣
መብራት ቢጠፋም የማይቆም ሊፍት።
የእኛ ሕንፃ ሊፍት ከቆመ ሦስት ዓመቱ።

ዘበኛው ጋሽ ቡልቻ እያለከለከ ወጣ።
«ዛሬስ እዚህ ምን ጠፋብህ?»
«መዝለያ፣» አልኩት፣ ሳላስብ።
ቀበቶዬን ጨበጠ። ሁለት እጁን ጠቅልሎ ጨበጠ።
«ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል፣» አለኝ፣
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ካርታውን አሳየሁት፣ ከስልኬ ላይ ክንፉን አሳየሁት፣
ፓራግላይደር እንደሚባል ነገርኩት።
«ጃንጥላ ነው፣» አለ። ቀበቶዬን ግን አልለቀቀም።
ቆይቶ፣ ትንፋሹ ሲመለስ፦
«እንግዲያው መዝለያ አትበል። መነሻ በል።»

ክንፉ ታች ነው፣ ከደረጃው ሥር፣
እንግዳወርቅ ልብስ ሰፊው ጋ።
ሃያ አምስት ሜትር ቀይ ናይሎን፣ ጠርዙ በግራር የተቀደደ፣
መኪናውን አልብሶት፣ ወንበሩን አልብሶት፣
ወደ ኮሪደሩ ፈስሷል።
«ሙሽራዋ ማን ናት?» ብሎ ነው የተቀበለኝ፣
«ይህን ያህል ቬሎ የምትጎትተው?»
ድሮ ከዚህ ማዶ ነበር ሱቁ፣ የእንጨት ሰገነት ከነበረው ቤት፣
የስንቱን ሙሽራ ትከሻ የለካበት።
ዛሬ አምፖል አብርቶ ነው ቀትሩን የሚሰፋው።

«አገኘሁ!» አለች ማስተዋል፣ በአሥር ሰዓት።
«ሳሩ ወደ እኔ ይተኛል፣ ድንጋይ የለው፣ ሽቦ የለው፣
ሠላሳ እርምጃ መንደርደሪያ፣ ከዚያ ባዶ ነው።
መነሻ ሞልቷል፣» አለች፣ «ማረፊያ ነው ያጣነው።
ከዚህ የማየው ሁሉ ክሬን ነው። ከአንተ በኩል ፈልግ።»

መነጽሬን ከተራራ አወረድኩ።
ጃን ሜዳን አየሁ፦ ሩቅ ነው፣ ኳስ ይጫወታሉ።
ቁልቁል፣ ከእግሬ ሥር፣
በቆርቆሮ የታጠረ መሬት፣ አራት ማዕዘን፣
ስልሳ ሜትር በአርባ፣ ዛፍ አልባ፣
ነፋሱ ፊት ለፊት የሚገባበት፣
እንዲያው ለዚህ የተሠራ የሚመስል።
መሀሉ ላይ አንድ የበር ደፍ ቀርቷል፣
ሰማያዊ ሸክላ፣ ወዴትም የማያስገባ።

የማን ደፍ እንደሆነ አውቃለሁ።
ረግጬዋለሁ፣ ለአሥረኛ ክፍል ዩኒፎርሜ ስለካ።

እርሳሱ እጄ ላይ ነው። ምልክቱ ትንሽ መስቀል ነው፣
ለመሣል ሰከንድ አይፈጅም።
«አገኘህ?» ትላለች።
ከደረጃው ሥር የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል፣
ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል።
«አገኘህ ወይ?»
«ቆይ፣» አልኳት፣ «አንድ ሰው ጠይቄ ልምጣ።»